ይሄ ዩኤን የሚሉት አገሩ የት ነው?

የዛሬውን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረጉን አንዲት እናታችን ናቸው። በራሽን ቀን ጠዋት ከእህል ማከፋፈያው በር ላይ ተሰልፈን ሳለ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከርር፣ እማማ ካርዳቸውን አገላብጠው ተመለከቱና “ልጆቼ፣ ጽሑፍ የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም? እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። ይሄ ዩኤን የሚሉት አገሩ የት ነው? ንጉሡስ ማን ይባላል?” አሉን። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ቤት ገብተን ስናስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልሆነብንም።

እዚህ ካኩማ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት የኖርን ሰዎች አለን። ልጆቻችን የተወለዱት እዚሁ፣ ፊደል የቆጠሩትም እዚሁ ነው። ሆኖም “በኑሯችን ላይ የሚወስነው ማነው?” ብንባል አጥርተን የምንመልስ ጥቂቶች ነን። አንዱ “አሜሪካ ነው” ይላል። ሌላው “የኬንያ መንግሥት ነው” ይላል። ሦስተኛው “ጄኔቫ የተቀመጡት ናቸው” ይላል። ሁሉም ከእውነቱ ቁራጭ ቁራጭ ይዟል። ሙሉውን ያላወቀ ሰው ግን ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ ወይ በማይመለከተው ቢሮ በር ላይ ሲንከራተት ይውላል፣ ወይ “እኔ አስጨርስልሃለሁ” ለሚል ደላላ ያለ የሌለውን ያስረክባል። ሁለቱንም በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ የእማማን ጥያቄ ይዘን እንነሣ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

እንደ እድር አስቡት

እድር ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እድር ንጉሥ የለውም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የተጻፈ ደንብ አለው። ድንኳኑም ብረት ድስቱም የዳኛው አይደለም፤ የአባላቱ ነው። አባላቱ መዋጮ ካቆሙ ደግሞ ዳኛው የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን ድንኳን ሊተክል አይችልም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እንደዚሁ የአገሮች እድር ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በ1945 ሲቋቋም 51 አገሮች ነበሩበት፤ አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። ዛሬ አባላቱ 193 ደርሰዋል። የራሱ መሬት፣ የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ ሠራዊት የለውም። ወታደር ቢያሰማራ አባል አገሮች ያዋጡት ወታደር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኒውዮርክ ይሁን እንጂ አሜሪካ ባለቤቱ አይደለችም። ይሁንና አባላቱ ሁሉ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። በጸጥታው ምክር ቤት አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የሌሎቹን ውሳኔ በአንድ ድምፅ የማስቆም መብት አላቸው። በእድርም ቢሆን ድምፁ ከሌላው የሚከብድ ሀብታም አይጠፋም፤ እዚህ ግን ልዩነቱ በደንቡ ላይ ተጽፏል።

በዚህ ትልቅ እድር ሥር እኛን በቀጥታ የሚመለከቱ ድርጅቶች አሉ። የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ማለትም ዩኤንኤችሲአር፣ በ1950 መጨረሻ ተቋቋመ። ያኔ የተሰጠው ዕድሜ 3 ዓመት ብቻ ነበር፤ በአውሮፓ ጦርነት የተበተኑትን ሰዎች ጉዳይ ጨርሶ ይዘጋል ተብሎ ነበር። እነሆ ከ70 ዓመት በላይ ሆነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1961 ተቋቋመ። በአውቶቡስና በአውሮፕላን የሚያጓጉዘን፣ ሕክምናም የሚመረምረን አይኦኤም ደግሞ በ1951 ከዩኤን ውጭ የተመሠረተ ሲሆን ከዩኤን ጋር የተቆራኘው በ2016 ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለዋናው ዩኤን አባል አገሮች ግዴታ የሆነ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። ከዚያ ውስጥ ለዩኤንኤችሲአር የሚደርሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። የዩኤንኤችሲአር ገንዘብ ከሞላ ጎደል፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ደግሞ ሙሉ በሙሉ፣ በፈቃድ ከሚሰጥ እርዳታ የሚገኝ ነው። ለጋሹ ዘንድሮ ሰጥቶ ለከርሞ ቢተው የሚከሰው የለም። የራሽናችን መብዛትና ማነስ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወረቀት ብቻውን የማያድን መሆኑ

የአገሮች ማኅበር ለደካማ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅምና ምን ያህል እንደማይጠቅም ቀድማ ያየችው የእኛው አገር ናት። ከዩኤን በፊት ሊግ ኦፍ ኔሽንስ የሚባል የመንግሥታት ማኅበር ጄኔቫ ላይ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 አባል ሆነች። ደንቡ አንድ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት ያዝዝ ነበር። በ1935 ኢጣሊያ ስትወር ማኅበሩ “ጥፋተኛዋ ኢጣሊያ ናት” ብሎ ፈረደ፤ የንግድ ማዕቀብም ጣለ። ነገር ግን የጦር መኪናዎችና አውሮፕላኖች የሚንቀሳቀሱበትን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ አደረገው። የስዊዝ ቦይንም ለኢጣሊያ መርከቦች የዘጋ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቀርበው አቤት ቢሉም በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡ ጭራሽ ተነሣ።

በዚያ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ገቡ። በእንግሊዞች ሥር በነበረችው ኬንያ፣ ኢሲዮሎ ላይ፣ ካምፕ ተሠርቶላቸው ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር ካምፕ ውስጥ የተቀመጥን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን እኛ አይደለንም ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው የአገሮች ስምምነት ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። ስምምነት የሚሠራው ፈራሚዎቹ ሊከፍሉለት በፈቀዱት ልክ መሆኑን ነው።

አዲስ አበባ ላይ የተፈረመችው ወረቀት

አሁን ወደ ራሳችን ካርድ እንምጣ። የስደተኞች ዋናው ስምምነት በ1951 ጄኔቫ ላይ ወጣ። ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ መሳደድን የሚፈራ ሰው ነው ይላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወደሚፈራበት አገር አስገድዶ መመለስንም ይከለክላል። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የተጻፈው ከ1951 በፊት ለደረሰ ነገር ነበር። ይህ ገደብ የተነሣው በ1967 በወጣ ተጨማሪ ስምምነት ነው።

በ1960ዎቹ አፍሪካ በነፃነት ትግልና በእርስ በርስ ጦርነት ትናጥ ነበር። መንደሩ በቦምብ የነደደበትን ገበሬ “በየትኛው አመለካከትህ ነው የተሳደድከው?” ብለው ቢጠይቁት ምን ይመልሳል? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ይህን አይቶ መስከረም 10 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ የራሱን የስደተኞች ስምምነት አጸደቀ። በሥራ ላይ የዋለው በ1974 ነው። ኢትዮጵያ በ1973 ተቀበለችው። ኬንያ ያጸደቀችው በ1992 ነው፤ ይህ የካኩማ ካምፕ በተከፈተበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

ይህ ስምምነት ከጄኔቫው የተለየባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በውጭ ወረራ ወይም የአገርን ሰላም ክፉኛ ባናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ በጅምላ የተመዘገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስደተኛን ማስጠጋት የሰላምና የሰብአዊነት ሥራ ነው፤ ማንም አባል አገር እንደ ጠላትነት ሊቆጥረው አይገባም ይላል። ይህችን አንቀጽ አቅልለን አንያት። ከእርሷ በፊት አንዱ መንግሥት ለሌላው “ጠላቴን አስጠጋህብኝ” ብሎ መኳረፍ፣ ከዚያም አልፎ ድንበር ላይ መታኮስ ይችል ነበር። ዛሬ ኬንያ ኢትዮጵያውያንን አስጠልላ ናይሮቢና አዲስ አበባ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ኢትዮጵያም በበኩሏ ደቡብ ሱዳኖችን ጋምቤላ ላይ፣ ሶማሌዎችን ዶሎ አዶና ጅጅጋ አካባቢ በመቶ ሺዎች አስጠልላ ከየመንግሥታቱ ጋር ትነጋገራለች። የእኛ እዚህ መቀመጥ የሁለት አገሮችን ግንኙነት እንዳያበላሽ ተብሎ የተበጀ መላ ነው ማለት ነው። መላው ሁልጊዜ ሠርቷል አንልም። ከጥገኝነት አገር ታፍኖ የተወሰደ ሰው ታሪክ በየካምፑ ይወራል። ነገር ግን ሕጉ ባይኖር ኖሮ ድርጊቱን “ጥፋት ነው” ብሎ ለመክሰስ እንኳ የሚጠቀስ ነገር አይኖርም ነበር።

ሦስተኛ፣ በስደተኛውም ላይ ግዴታ ጥሏል። የተጠለለበትን አገር ሕግ ማክበር አለበት። የተቀበለችው አገር ደግሞ ስደተኛው በመሣሪያም፣ በጋዜጣም፣ በሬዲዮም በሌላ አባል አገር ላይ ጥቃት እንዳይከፍት የመከልከል ግዴታ አለባት። ይህች አንቀጽ እኛን ጽሑፍ አቅራቢዎቹንም ትነካናለች። አንዳንድ አንባቢ “ለምን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ጠንከር አድርጋችሁ አትጽፉም?” ሲለን የምንጠነቀቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ ድርቅ ተጠርተው ስለ ጦርነት ተነጋገሩ

ከዓለም አቀፉ ወረድ ስንል የሰፈር እድራችን ኢጋድ ነው። በ1986 ጅቡቲ ላይ የተመሠረተው ድርቅን በጋራ ለመከላከል ነበር። ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ ጀመሩት። በ1996 ተሻሽሎ ሰላምና ጸጥታም በሥራው ውስጥ ገባ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ተቀላቀለች።

በምሥረታው ስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ዓይን ለዓይን ያልተያዩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ሲያድ ባሬ እዚያው ጅቡቲ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። የተጠሩት ስለ ድርቅ ነው፤ ነገሩ ግን ወደ እርቅ ወሰዳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1988 ስምምነት ፈረሙ፣ ሠራዊታቸውን ከድንበር አራቁ፣ አሥር ዓመት ያህል ታስረው የነበሩ ምርኮኞችም ወደየቤታቸው ገቡ። አባቷን “ሞቷል” ብላ ተዝካር ላወጣች ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማምተው ስለነበር፣ በኢትዮጵያ ምድር የነበረው የሰሜን ሶማሊያ ንቅናቄ መጠጊያ እንደሚያጣ ሲያውቅ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተሞቹን በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ጅጅጋ አጠገብ የተቋቋመው ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከ መባል ደረሰ። የተዘጋው በ2004 ነው።

እንግዲህ እዩት። የመንግሥታት መታረቅ የምርኮኛውን እናት እንባ አበሰ፤ የሐርጌሳን እናት ደግሞ ልጅ አሳዝሎ አሰደደ። መንግሥታት ሲስማሙ በመሐል ያለው ሕዝብ ካልተጠየቀ ሰላሙ ራሱ ስደተኛ ይፈጥራል።

ሌላውን ደግሞ እኛው ራሳችን እዚህ ሆነን አይተነዋል። የሱዳን ሰሜንና ደቡብ በኢጋድ አሸማጋይነት ማቻኮስና ናይቫሻ ላይ ተደራድረው ጥር 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ ፈረሙ። የነባር ጎረቤቶቻችን ግቢ ባዶ እየሆነ ሲሄድ፣ ዕቃቸውን በጆንያ ቋጥረው ወደ አገራቸው ሲሳፈሩ የሸኘን ሰዎች አለን። በሐምሌ 2011 ባንዲራቸውን ሰቀሉ፣ እኛም አብረን ጨፈርን። በታኅሣሥ 2013 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ አንዳንዶቹ ወደዚያው ግቢ ተመለሱ። ኢጋድ እንደገና ሸምግሎ መስከረም 2018 አዲስ አበባ ላይ ሌላ ስምምነት አስፈረመ። ጎረቤቶቻችን ግን ዛሬም አብዛኞቹ እዚሁ ናቸው።

ከኢጋድ ለልጆቻችን የሚጠቅም አንድ ነገርም ወጥቷል። በታኅሣሥ 2017 ጅቡቲ ላይ የአባል አገሮቹ የትምህርት ሚኒስትሮች የስደተኛ ልጆች ትምህርት በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲገባና የተማሩበት ማስረጃ እንዲታወቅ ተስማምተዋል። ወላጆች፣ የልጆቻችሁን የክፍል ካርድና ሰርተፍኬት አትጣሉ።

ስደተኛነት የሚያበቃበት ውሳኔ

የስደተኝነት ስም በስምምነት የተሰጠ ነውና በስምምነቱ መሠረት ሊነሣም ይችላል። ይህን ከኢትዮጵያውያን በላይ የሚያውቅ የለም። ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ ዩኤንኤችሲአር “ከዚያ በፊት ያሰደዳቸው ምክንያት ቀርቷል” ብሎ፣ ከ1991 በፊት ለወጡ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት መብት ከመጋቢት 1 ቀን 2000 ጀምሮ በጥቅሉ እንዲያበቃ ወሰነ። ካምፕ ውስጥ “ሴሴሽን” እየተባለ የሚወራው ይህ ነው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ከሱዳን፣ ወደ አገሩ ተጓዘ። የተለየ ምክንያት ያለው ሰው በግሉ ቀርቦ ጉዳዩ እንዲታይለት ግን መንገድ ተትቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለነገ የሚሆን ትምህርት አለ። በጅምላ የተሰጠ በጅምላ ሊነሣ ይችላል። የግል ምክንያቱን በትክክል ያስመዘገበ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚናገረው ይኖረዋል።

ካምፑ ይዘጋል በተባለ ጊዜ

በግንቦት 2016 የኬንያ መንግሥት ዳዳብን እዘጋለሁ፣ የስደተኞች ጉዳይ መምሪያውንም አፍርሻለሁ ብሎ ሲያውጅ የነበረውን ድንጋጤ እናስታውሳለን። እዚህ ካኩማ ሳይቀር እቃ መሸጥ የጀመረ ነበር። ያዳነው ምን ነበር? ተከራካሪዎች ጉዳዩን ወደ ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2017 የመንግሥቱን ትዕዛዝ ከሕገ መንግሥቱና ኬንያ ከፈረመቻቸው ዓለም አቀፍ ግዴታዎች ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሚሆን ይደነግጋል። ጄኔቫና አዲስ አበባ የተፈረመው ወረቀት በናይሮቢ ዳኛ ፊት ጉልበት አገኘ ማለት ነው።

በ2021 ደግሞ ዳዳብና ካኩማ ሁለቱም እስከ ሰኔ 2022 ይዘጋሉ ተብሎ ነበር። ቀኑ መጣ፣ ሄደ፤ ካምፖቹ አልተዘጉም። በምትኩ አዲሱ የስደተኞች ሕግ በ2021 መጨረሻ ወጣ። በመጋቢት 2025 ደግሞ መንግሥት “ሺሪካ” የተባለውን ዕቅድ ይፋ አደረገ። በስዋሂሊ መተባበር ማለት ነው። ሐሳቡ ካምፑ እየቆየ እንደ ከተማ ሆኖ ስደተኛውና ቱርካናው በአንድ ገበያ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ሐኪም ቤት እንዲኖሩ ነው። በወረቀት ደረጃ መልካም ነው። ሥራው ግን እንደገና ለጋሽ አገሮች በሚሰጡት ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መዋጮው ሲቀር

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በየካቲት 2022 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገጥሙ “ለእኛ ምናችን ነው?” ያልን ነበርን። ብዙም ሳይቆይ የዘይትና የዱቄት ዋጋ በየሱቃችን ሰማይ ወጣ። በሐምሌ 2022 ዩኤንና ቱርክ አሸማግለው የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር በኩል እንዲወጣ ስምምነት ተፈረመ። በዓለም ምግብ ፕሮግራም የተከራየች መርከብ ለኢትዮጵያ የሚሆን 23,000 ቶን ስንዴ ጭና በነሐሴ መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። በሐምሌ 2023 ሩሲያ ከስምምነቱ ወጣች። እነሆ ሁለት የሚዋጉ አገሮች በአንድ ድርጅት በኩል ተስማምተው እህል ያሳልፋሉ፤ አንዱ እምቢ ሲል ደግሞ ነገሩ ይቆማል።

ከሁሉ የከፋው 2025 ነበር። ለስደተኞች እርዳታ ትልቋ ለጋሽ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ቆረጠች፤ ሌሎችም ለጋሾች በጀታቸውን ቀነሱ። ድርጅቶቹ ሠራተኛ አሰናበቱ። የእኛ ራሽን በዚያ ዓመት ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ወደማይሞላ መጠን ወረደ። ቤተሰቦችም በምድብ ተከፈሉ፤ ለአንዱ ትንሽ፣ ለሌላው ጭራሽ ምንም ተባለ። የምድቡ ውጤት በወጣ ሰሞን ባልና ሚስት የተጣሉበትን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያየበትን ሁሉ እናውቃለን። እናቶች ምሳን ከእራት ጋር አንድ አደረጉት። ቡና እንኳ ሁለተኛና ሦስተኛው ሳይደርስ በአቦል ይበቃል ተባለ።

የሪሴትልመንቱም ነገር እንዲሁ ነው። አሜሪካ በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላዋን አቆመች። ቀደም ሲል ለዓለም ሁሉ 125,000 የነበረው ዓመታዊ ጣሪያ ለ2026 የበጀት ዓመት ወደ 7,500 ወረደ። ሻንጣቸውን አዘጋጅተው፣ ቤታቸውን ለሌላ አስረክበው የበረራ ቀን ሲጠብቁ የቀሩ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ለእነርሱ የምንለው ቀላል ነገር የለንም። አንድ ነገር ግን እንናገራለን፦ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በኢንተርቪው ላይ ያሳሳታችሁት ቃል ስላለ አይደለም። ጎረቤት ስለመሰከረባችሁም አይደለም። አንድ ትልቅ አባል እጁን ከመዋጮው ሳጥን ስለሰበሰበ ነው።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ?

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ጥያቄያችንን በትክክለኛው በር እንድናቀርብ ነው።

የስደተኛነት ማመልከቻ ተቀብሎ የሚወስን፣ መታወቂያና የጉዞ ፈቃድ የሚሰጥ የኬንያ መንግሥት የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ነው። ዩኤንኤችሲአር ያግዛል እንጂ በመንግሥት ምትክ አይወስንም።

ምግብና የምግብ ገንዘብ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ጉዳይ ነው። መጠኑን የሚወስነው በእጁ ያለው እርዳታ ነው እንጂ በመስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ አይደለም። ያን ልጅ መሳደብ ራሽን አይጨምርም። በምድብ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በቅሬታ ማቅረቢያው በኩል ያስመዝግብ፤ የተመዘገበበትንም ቁጥር ይያዝ።

ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድን ሰው ዩኤንኤችሲአር ያቀርባል እንጂ አይቀበልም። የሚቀበለው ተቀባዩ አገር ነው። አይኦኤም የሚያጓጉዘው የተፈቀደለትን ሰው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱም በገንዘብ አይሸጥም። ምዝገባም፣ ኢንተርቪውም፣ ሪሴትልመንትም ነፃ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ ወጣት ወንድማችን ከውጭ አገር እህቱ የላከችለትን የስድስት ወር ገንዘብ “ኬዝህን አስነሣልሃለሁ” ላለው ሰው ሰጥቶ፣ ሰውየውም ስልኩም የውኃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። ያ ሰው የየትኛውንም አገር ጣሪያ ከፍ ሊያደርግ የማይችል ሰው ነበር። አሠራሩን ያወቀ አይታለልም።

በመጨረሻም፣ ለጋሽ አገሮች የሚሰጡት ዜጎቻቸው “ስጡ” ሲሏቸው ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ከእነዚህ ዜጎች መካከል ናቸው። ስንደውልላቸው ብር ብቻ አንጠይቃቸው። ለመረጡት የምክር ቤት ሰው ስለ ካኩማ ደብዳቤ እንዲጽፉ እንንገራቸው። አንድ ደብዳቤ ራሽን አይመልስም፤ ብዙ ደብዳቤ ግን ሳይነበብ አይቀርም።

ለእማማ የሰጠነው መልስ

በሚቀጥለው የራሽን ቀን እማማን ፈልገን አገኘናቸውና የቻልነውን ያህል አስረዳናቸው። “እማማ፣ ዩኤን አገር የለውም፣ ንጉሥም የለውም። የአገሮች እድር ነው። አዋጡ ሲባል የሚያዋጣ አለ፣ የሚያፈገፍግ አለ” አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ “እህ! እንግዲያው ዘንድሮ መዋጮ ያልከፈሉት ብዙ ናቸው በሉኛ” አሉ። ቀጥለውም “በእኛ እድር መዋጮ ያላመጣ ሰው በስሙ ተጠርቶ ‘ለምን?’ ተብሎ ይጠየቃል። እነዚህንስ የሚጠይቃቸው ማነው?” አሉን።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄያቸውን በእኛ አቅም ብቻ መመለስ አልቻልንም። የሚሰማችሁን ጽፋችሁ በሐሳብ መስጫ ሣጥናችን ክተቱልን። መጻፍ የማትችሉ እናቶችና አባቶች ለልጆቻችሁ ነግራችሁ አስጽፉ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ሰላም ሁኑ።